ከዳሞታ እስከ ኦሞ፦ የምድር ዕድሜ እንዴት ተነበበ

መስከረም 1 ቀን የዘመኑ ወንጌላዊና የአጽዋማቱ ቀን በቤተ ክርስቲያን ሲታወጅ ከስሌቱ ሥር አንድ ትልቅ ቁጥር አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረውን 5 ሺህ 500 ዓመት በዓመተ ምሕረቱ ላይ ይደምሩና ዓመተ ዓለም ይሉታል። በ2017 ዓ.ም. ድምሩ 7 ሺህ 517 ሆነ። ይህ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ አንድ ከተረፈ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው። ወላይታ ሶዶም ሆነ ቦምቤ ያለ ካህን ይህን ስሌት በጣቱ ያወጣዋል። ለዘመናት የዓለም ዕድሜ ለኢትዮጵያዊ ሊቅ ይኸው ነበር።

አውሮፓውያንም የሚቆጥሩት ከመጽሐፍ ነበር። በ1650 (ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር የአበውን ዕድሜ ከነገሥታቱ ዘመን ጋር አዳምሮ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 በጥቅምት ወር ነው አለ። የእኛና የአሸር ቁጥር በ1 ሺህ 5 መቶ ዓመት ገደማ ቢለያይም ምንጫቸው ተመሳሳይ ነው፤ ድንጋዩን የጠየቀው አልነበረም።

ድንጋዩን ለመጠየቅ ምክንያት የሆነው አንድ ሻርክ ነው። በ1666 ጣሊያን ውስጥ ሊቮርኖ አጠገብ ግዙፍ ሻርክ ተያዘና ራሱ ተቆርጦ ወደ ፍሎረንስ ተላከ። እንዲመረምረው የታዘዘው በቱስካኒው ገዢ ቤት ያደረው የዴንማርክ ተወላጅ ሐኪም ኒልስ ስቴንሰን ነበር፤ ዓለም በላቲን ስሙ ስቴኖ ይለዋል። የሻርኩን ጥርስ አገላብጦ ሲያይ ከባሕር ርቆ በተራራ አለት ውስጥ ተሰክተው ከሚገኙት፣ ሰው ‹‹የምላስ ድንጋይ›› ከሚላቸው ሹል ነገሮች ጋር ልዩነት አጣበት። ጥርስ ከሆኑ፣ ጠንካራ አለት ውስጥ እንዴት ገቡ?

መልሱን በ1669 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ሰጠ። አለቱ አንድ ጊዜ ጭቃ ነበር፤ ጭቃው ከውኃ በታች አግድም ተነጥፎ ጥርሱን ዋጠ፣ በላዩም ሌላ ጭቃ ተኛበት። በመሶብ ከተደረደረ እንጀራ ቀድሞ የተጋገረው ከታች ያለው እንደሆነ ሁሉ፣ ማንም ካላገላበጠው በቀር ከታች ያለው የአለት ንብርብር ከላዩ ይበልጣል። ንብርብሩ አዘንብሎ ወይም ተጣጥፎ ከተገኘ ያ የሆነው ከተነጠፈ በኋላ ነው። ስቴኖ ስንት ዓመት እንደፈጀ አልተናገረም። የተናገረው የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ የተነሡት ሙግቶች በሙሉ ወደዚህ ደንብ እየተመለሱ ይዳኛሉ።

በ1788 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሃተን ከሁለት ወዳጆቹ ጋር በጀልባ ሲካር ፖይንት ወደሚባል የባሕር ዳር ገደል ሄደ። ከታች እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ግራጫ ንብርብር አለ። በላዩ ትንሽ ያዘነበለ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ተኝቷል። ሃተን ይህን እንዲህ አነበበው፦ ግራጫው በባሕር ወለል ተነጠፈ፣ ደነደነ፣ ከምድር በታች በሆነ ኃይል ተገፍቶ ቆመ፣ ዝናብና ወንዝ ጫፉን ቆርጦ ደለደለው፤ ከዚያ ቀዩ ከላዩ ተነጠፈበት፣ እሱም በተራው ተነሣ። በሁለቱ መገናኛ ላይ የሚታየው መስመር የጣት ስፋት አይሞላም፤ በውስጡ ግን አንድ ተራራ ሙሉ ተሸርሽሮ ለማለቅ የሚፈጀው ጊዜ ተውጧል። ስድስት ሺህ ዓመት ለዚህ እንደማይበቃ ሦስቱም እዚያው ገባቸው። ስንት እንደሚበቃ ግን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ቀጣዩን እርምጃ የወሰደው ዊልያም ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ቀያሽ ነው። የድንጋይ ከሰል ማጓጓዣ ቦይ ሲያስቆፍር እያንዳንዱ ንብርብር የየራሱ ዓይነት ቅሪተ አካል እንዳለው አስተዋለ። መልካቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት የኖራ ድንጋዮች በቀለም አይለዩም፤ በውስጣቸው ባሉት ቀንድ አውጣዎችና ዛጎሎች ግን ይለያሉ። ቅደም ተከተሉም በየመንደሩ አይዛነፍም። በዚህ ዘዴ በ1815 የእንግሊዝን ምድር በቀለም ከፋፍሎ ካርታ አወጣ። አንድን አለት ከሌላ አገር አለት ጋር በቅሪተ አካል ማመሳከር የተጀመረው ከእሱ ወዲህ ነው።

ይህ ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከጦር ጋር ነው። በ1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲወጣ ከህንድ የመጣ ጂኦሎጂስት አብሮት ነበር፤ ዊልያም ብላንፎርድ ይባላል። ጦሩ ገደሉን እየተጠማዘዘ በወጣ ቁጥር ለብላንፎርድ አንድ ንብርብር ይገለጥለታል። ከሥር ያረጀ፣ በሙቀትና በጫና የተለወጠ መሠረት አለት አለ። አዲግራት ላይ የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። ከዚያ በላይ አንታሎ ላይ የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ ተገኘ፤ ቅሪቱ በአውሮፓ ጁራሲክ ከሚባለው ዘመን ጋር ገጠመ። የትግራይ ደጋ አንድ ዘመን የባሕር ወለል ነበር ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚወፍር የእሳተ ገሞራ አለት ተከምሯል። ብላንፎርድ የታችኛውን በአሸንጌ ሐይቅ፣ የላይኛውን በመቅደላ አምባ ስም ጠርቶ በ1870 መጽሐፉን አሳተመ። አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌ የሚሉት ስሞች ዛሬም በኢትዮጵያ የሥነ ምድር መጻሕፍት ውስጥ የንብርብር መጠሪያ ናቸው።

ብላንፎርድም ቢሆን የሰጠው ተራውን እንጂ ዓመቱን አይደለም። ዓመቱን እሰጣለሁ ያለው የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን፣ ነበር። በ1862 ምድር ቀልጣ ተነሥታ አሁን ወዳለችበት ቅዝቃዜ ለመድረስ ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅባታል ብሎ አሰላ፤ በ1897 ወደ 20 እና 40 ሚሊዮን መካከል አጠበበው። ጂኦሎጂስቶቹ ጊዜው እንደማይበቃቸው ከንብርብሩ ያውቃሉ፤ ሒሳቡን የሚያፈርሱበት ግን አልነበራቸውም።

በ1896 ሁለት ነገሮች ሆኑ። ወላይታ በንጉሥ ጦና ዘመን በምኒልክ ጦር እጅ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያ ዓመት ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከሶዶ ደቡብ ምሥራቅ ያለውን የአባያን ሐይቅ አይቶ በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ አለው፤ ቀጥሎ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም ወደ ቱርካና፣ እንደሚገባ አረጋገጠ። የአባይ ገባር ይሆን የሚለው ጥርጣሬ አበቃ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ አንሪ ቤኬሬል ዩራኒየም በጨለማ ውስጥ ሆኖ የፎቶግራፍ ሰሌዳ እንደሚያጠቁር አወቀ። አንዱ ግኝት የወንዝ፣ ሌላው የአቶም ነው፤ ከሰባ ዓመት በኋላ በኦሞ ዳርቻ ይገናኛሉ።

የቤኬሬል ግኝት የኬልቪንን ስሌት ከሁለት ወገን መታው። አንደኛ፣ በምድር ውስጥ ያሉ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ሙቀት ይሰጣሉ፤ ምድር ዝም ብላ የምትቀዘቅዝ አካል አይደለችም። ሁለተኛ፣ ዩራኒየም በማይለዋወጥ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ በአለቱ ውስጥ ያለው የሁለቱ መጠን ሲነጻጸር ዓመት ይገኛል። እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ በ1911 በዚህ መንገድ አንድ የሲሎን አለት 1 ሺህ 640 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነው አስልቶ አወጣ። በ1956 ደግሞ አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን አሪዞና ላይ የወደቀን ተወርዋሪ ድንጋይ እርሳስ መርምሮ የምድር ዕድሜ 4 ነጥብ 55 ቢሊዮን ዓመት ነው አለ። ቁጥሩ እስካሁን ጸንቷል።

እንግዲህ ቁጥሩ ተገኘ፤ ድንጋዩ ራሱ ዕድሜውን ከተናገረ የስቴኖና የስሚዝ ዘዴ የድሮ ነገር ሆኖ ይቅር የሚሉ አልጠፉም። እንዳይቀር ያደረገው ኦሞ ነው።

የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ወደ ምዕራብ ዳውሮን የሚያየው በኦሞ ሸለቆ ማዶ ነው። የአጆራን መንታ ፏፏቴ የሚሠሩት ሶኬና አጃጮም ውኃቸውን የሚሰጡት ለዚሁ ወንዝ ነው። ኦሞ ከደጋው የሚጠርበውን አፈርና አሸዋ ይዞ በሸለቆው ቁልቁል ይነጉዳል፤ ዛሬ ጊቤ 3 ግድብ ያቆመው ውኃ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ያለ ከልካይ ሲወርድ ኖሯል። ደቡብ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ሸክሙንም ያራግፋል። በየመካከሉ የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዎች ሲፈነዱ አመዳቸው በወንዙም በነፋሱም እየመጣ በደለሉ መካከል ይነጠፋል። በኋላ ምድሪቱ ተሰንጥቃ ስታዘነብል ይህ ሁሉ ክምር ጎኑን ሰጠ። ሹንጉራ ላይ ከ700 ሜትር በላይ የሚወፍር ደለል፣ ከ3 ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ያለው፣ በእግር እየሄዱ ይታያል።

እዚያ ቅሪተ አካል እንዳለ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። በ1902 የፈረንሳዩ የዱ ቡር ደ ቦዛ ጉዞ አንሥቷል፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካሚይ አራምቡር ተመልሶ ብዙ ሰብስቧል። ትልቁ ሥራ የተጀመረው ግን በ1967፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቅደው የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች አንድ ላይ ሲሰማሩ ነው። ከአሜሪካው ቡድን ጋር ፍራንክ ብራውን የሚባል ወጣት ጂኦሎጂስት ነበር። ሥራው አጥንት መፈለግ አልነበረም፤ አመድ መቁጠር ነበር። ትላልቆቹ የአመድ ንብርብሮች ከታች ወደ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባሉ በላቲን ፊደል ተሰየሙ፤ በመካከላቸው ያለው ደለልም በየአመዱ ስም ተጠራ። አንድ የከርከሮ ጥርስ ሲገኝ ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደሆነ ይጻፋል።

አመዱ የተመረጠው በሰዓትነቱ ነው። በአለት ውስጥ ያለ ፖታሲየም ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ የቆየው ጋዝ ያመልጣል፣ ሰዓቱም ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ በአመዱ ክሪስታል ውስጥ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ አመዱ የወደቀበት ዓመት ይታወቃል። ሰዓቱ የሚሳሳተው ከሌላ ቦታ የመጣ ያረጀ ክሪስታል ከተቀላቀለበት ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። የኬንያውን ቡድን የመራው ሪቻርድ ሊኪ ኦሞን ትቶ ከድንበሩ በስተደቡብ፣ ከቱርካና ሐይቅ በምሥራቅ ወዳለው ኩቢ ፎራ ሄደ። እዚያ ኬቢኤስ የሚባል አመድ ተገኘ። ናሙናው እንግሊዝ አገር ሲለካ መጀመሪያ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወጣ፤ ያረጀ ድንጋይ እንደተቀላቀለበት ግልጽ ነበር። ተለቅሞ እንደገና ሲለካ 2 ነጥብ 61 ሚሊዮን ሆነ፤ ይህም በ1970 ታተመ። በ1972 ከዚሁ አመድ በታች ትልቅ አንጎል የነበረው የራስ ቅል ሲገኝ ነገሩ የዓለም ዜና ሆነ፤ ቁጥሩ እውነት ከሆነ የሰው ዘር ታሪክ እንደገና መጻፍ አለበት።

ተቃውሞው የመጣው ከከርከሮ ነው። ባዝል ኩክ የሚባል የቅሪተ አካል አዋቂ በሹንጉራ በአመዶቹ መካከል የተሰበሰቡትን የከርከሮ መንጋጋ ጥርሶች በተራ ደረደረ። በአንድ ዝርያ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ከታች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል። ከኬቢኤስ አመድ በታች የተገኙት የኩቢ ፎራ ጥርሶች ሲለኩ ርዝማኔያቸው በሹንጉራ 2 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ካለው ንብርብር ጋር እንጂ ከዚያ ከቀደመው ጋር አልገጠመም። ሁለት አገር ያሉ፣ አንድ ወንዝና አንድ ሐይቅ የሚያዋስናቸው ከርከሮዎች የግማሽ ሚሊዮን ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው አይችልም። ‹‹ላቦራቶሪው ይሻላል ወይስ ዓሣማ?›› የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጀ፤ ወዳጅነትም አሻክሯል።

ፍርዱ ከሦስት ወገን መጣ። በካሊፎርኒያ ጋርኒስ ከርቲስ አመዱን እንደገና ለክቶ 1 ነጥብ 8 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። በ1979 ቱሬ ሰርሊንግ፣ ብራውንና ባልደረቦቻቸው የአመዱን ብርጭቆ ኬሚካል ቅይጥ መርምረው ኬቢኤስ ማለት በሹንጉራ ኤች 2 የሚባለው አመድ ራሱ እንደሆነ አሳዩ፤ እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ ቅይጥ አለውና። በኋላም በአውስትራሊያ ኢያን መክዱጋል 1 ነጥብ 88 ሚሊዮን ላይ አጸናው። የዊልያም ስሚዝ የቦይ ቁፋሮ ዘዴ በኦሞ ከርከሮ አማካይነት የአቶሙን ሰዓት አረመው።

ከዚህ በኋላ የአመድ ማመሳከር የኢትዮጵያ ሥነ ምድር ዋና መሣሪያ ሆነ። ፈረንሳዊው ጂኦሎጂስት ሞሪስ ታይብ ባገኘው የሐዳር ሜዳ ድንቅነሽ በኅዳር 1974 ስትገኝ ዕድሜዋ ያከራክር ነበር። በ1982 ብራውን ሐዳር ላይ ሲዲ ሐኮማ የሚባለው አመድ ከቱርካናው ቱሉ ቦር አመድ ጋር አንድ እንደሆነ አሳየ፤ አፋርና ቱርካና በአንድ ፍንዳታ ተያያዙ። በ1994 ድንቅነሽ አጠገብ ያለ አመድ በነጠላ ክሪስታል ተለክቶ 3 ነጥብ 18 ሚሊዮን ዓመት ወጣው። በ1990 ጊዳይ ወልደ ገብርኤልና ባልደረቦቹ የመካከለኛውን ስምጥ ሸለቆ አለቶች ዕድሜ በተራ አወጡ። በ1997 ገዛኸኝ ይርጉ ከፈረንሳውያን ጋር በተሳተፈበት ጥናት ብላንፎርድ ሲወጣው የዋለው ያ ወፍራም የእሳተ ገሞራ ክምር ዕድሜ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው የፈሰሰውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው።

ሶዶ ከተማ የተደገፈችበት ዳሞታ ወደ 2 ሺህ 900 ሜትር የሚጠጋ፣ የተኛ እሳተ ገሞራ ነው። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ፣ 2 ሺህ 200 ሜትር ላይ፣ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ የዋሻ ጥግ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳውያን ከላይ ያለውን፣ ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት የተኖረበትን አፈር ቆፈሩ። ከ2006 ጀምሮ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራ ቡድን ወደ ታች ወረደ። ግድግዳው ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ የምድጃ ከሰል፣ የባልጩት ስንጥር ተፈራርቀው ይታያሉ። ከሰሉ በካርበን ሲለካ የንብርብሩ ዕድሜ ከ36 ሺህ ተነሥቶ የካርበን ዘዴ እስከሚደርስበት 50 ሺህ ዓመትና ከዚያም በላይ ወረደ። በ36 ሺህ ዓመቱ አፈርና በላዩ በተኛው በአዲሱ አፈር መካከል ግን ከ20 ሺህ በላይ ዓመት የለም። ሃተን በሲካር ፖይንት ያየው ዓይነት መስመር ዳሞታ ላይም አለ፤ አፈሩን ሳይመረምር ዓመት ብቻ ለሚቆጥር ሰው ሰዎቹ ጥለው የሄዱ ይመስለዋል፣ ንብርብሩን ለሚያነብ ግን ሰዎቹ መሄዳቸውና አፈሩ መታጠቡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

የመጨረሻው ሙግት በ1967 የኬንያው ቡድን በኦሞ ቂቢሽ ባነሣው የሰው ቅሪት ላይ ነው። መጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ተባለ። በ2005 መክዱጋል፣ ብራውንና ጆን ፍሊግል 195 ሺህ አሉት። ከቅሪቱ በላይ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ አመድ ተኝቶበታል፤ አመዱ ግን እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ለሰዓቱ የሚበቃ ክሪስታል አይገኝበትም። ሴሊን ቪዳል የምትመራውና አስፋወሰን አስራት የተሳተፈበት ቡድን ቅይጡን ይዞ የስምጥ ሸለቆውን እሳተ ገሞራዎች አንድ በአንድ ጠየቀ። የገጠመው ሻላ ነው። በሻላ ዙሪያ ያለው፣ ክሪስታል የያዘው ድንጋይ ሲለካ 233 ሺህ ዓመት፣ ከዚያም 22 ሺህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል የሚችል፣ ሆነ፤ ውጤቱ በጥር 2022 ታተመ። ካርታ ላይ ከሻላ ወደ ቂቢሽ መስመር ቢሰመር በወላይታ ሶዶ ላይ ያልፋል። አመዱ ቂቢሽ ላይ ያን ያህል ከወፈረ በመንገዱ ላይ ያሉትን ኮረብቶች ምን ያህል ሸፍኗቸው ይሆን ብሎ መጠየቅ ከቦምቤ ለሚነሣ ተማሪ የቤት ሥራ ነው።

በዜና የተነገረው የሰው ልጅ ዕድሜ 233 ሺህ ሆነ ተብሎ ነው። የተለካው ግን አመዱ ነው። ሰውየው ከአመዱ በታች ስለሆነ ከአመዱ ይበልጣል፤ በምን ያህል እንደሚበልጥ የሚናገረው ከሥሩ ያለ ሌላ አመድ ብቻ ነው። ጥናቱን ያወጡት ሊቃውንት ‹‹ቢያንስ›› የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ፊት ያልለዩት ለዚህ ነው።